ስልሳ ሰው ከአንድ ግድግዳ ሥር

ዋኘው የሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ባለቤቱን ሳይሆን ማዕዘኑን ነው። "እንደምን ዋላችሁ" ብሎ አጸፋው እስኪመለስለት ድረስ ዓይኑ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ወለሉ ላይ ይደርሳል። ስንጥቅ ካለ ያገኘዋል፤ ከሌለም የሚመጣበትን ቦታ ይገምታል። ይህ ጠባይ ለቅሶ ቤት እንኳ ስለማይተወው የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች "ዋኘው ሰው ሊያስተዛዝን ሄዶ ግድግዳ ሲያስተዛዝን ዋለ" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም አይቆጣም። እውነት ነዋ።

የመጣው ከመተከል፣ ከወንበራዋ ደብረ ዘይት ነው፤ የሸዋዋ አይደለችም። አዲሱ ክልል ሲቋቋም፣ ገና በስሙ ሳይሆን "ክልል ስድስት" እየተባለ በቁጥር ሲጠራ፣ መተከልና አሶሳ በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ጣሪያው አንድ ይሁን እንጂ መሃሉ ላይ ዓባይ ነበረ። ስለዚህ የወንበራ ሰው ወደ ገዛ ክልሉ ዋና ከተማ፣ ወደ አሶሳ፣ ለመሄድ ጎጃምን አቋርጦ፣ ወለጋን ዞሮ፣ መኪና እየቀያየረ፣ ፊቱ በአቧራ ተለስኖ ነው የሚደርሰው። ዋኘው በዚህ መንገድ በዝውውር ደብዳቤ መጣ። ከመሥሪያ ቤቱ አጠገብ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራየ፤ ሻንጣውን አልጋው ሥር ከተተ፤ ከሻንጣው ውስጥ ለዕለቱ የሚያስፈልገውን ብቻ እያወጣ ሌላውን እንደታጠፈ ተወው። "ነገ የሚነሣ ሰው ምን ዕቃ ይዘረጋል" ይል ነበር። ያ ነገ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ።

ሚስቱ የዝናሽ እዚያው ደብረ ዘይት ታስተምራለች። ወደ አሶሳ የሚሄድ ሰው ባገኘች ቁጥር አንድ መልእክት ትልካለች፤ "እኔ ልምጣ ወይስ አንተ ትመጣለህ?" የዋኘውም መልስ አንድ ነው፤ "እናያለን።" ይህች ቃል ለሚስቱ ብቻ የተመደበች አልነበረችም። ኃላፊው "ይህ ሕንፃ ይቆማል?" ሲለው እናያለን ይላል። ነጋዴው "ግድግዳዬን ልለስነው?" ሲለው እናያለን ይላል። በሙያው ሲታይ የጥበብ ቃል ናት። በትዳር ውስጥ ግን ምን ያህል እንደምታዛልቅ የዝናሽ ታውቃለች።

በዚያን ዘመን አሶሳ ላይ የማይገነባ ነገር አልነበረም። ትናንት አውራጃ የነበረች ከተማ ዛሬ ክልል ስትሆን፣ ቢሮ ሁሉ ቤት ፈለገ፤ ሠራተኛ ሁሉ ማደሪያ ፈለገ። መጀመሪያ ሰሌዳው ይሰቀላል፣ ግድግዳው ኋላ ይደርሳል። በጥድፊያ የተሠራ ነገር ደግሞ የመጀመሪያውን ክረምት ሲያይ አፉን ይከፍታል። የዋኘው ሥራ የተከፈተውን አፍ እየዞሩ ማየት፣ ምክንያቱን መፈለግና ከተቻለ ማስጠገን ነበር። ሙያውን የለመደው በደርግ ጊዜ፣ በጣና በለስ ፕሮጀክት ከጣሊያኖች ጋር ሲሠራ ነው። ከእነሱ የወረሰው ዋናው ነገር መስታወት ነው። ቀጭን የመስታወት ቁራጭ በስንጥቁ ላይ ያጋድምና ሁለቱን ጫፍ በጄሶ ይለጥፋል። ግድግዳው ካረፈ መስታወቱ ደህና ይኖራል። ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። ዋኘው ይህን መስታወት "ምስክር" ይለዋል፤ ጉቦ የማይበላ፣ ዘመድ የሌለው ምስክር።

እንዲህ ያለ ምስክር በአንድ መጋቢት የሀምዲያ ቤት ላይ አቆመ።

ሀምዲያ ትውልዷ ሆሞሻ ነው። ባሏ ሻዕባን ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ፣ ዕቃ እያመጣ የሚነግድ ሰው ነበር። ካፈራው ሁሉ ለእሷ የተረፈው ያ ቤት ብቻ ነው፤ በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ፣ አምስት ክፍል ያለው የጡብ ቤት። እሱ ሲሞት ሀምዲያ ክፍሎቹን ከሆሞሻና ከመንጌ ለሚመጡ ሴት ተማሪዎች አከራየች። በከተማው ሴት ልጅን ብቻዋን ልከው የሚያሳድሩበት ቤት ሌላ አልነበረም። አባቶች ልጃቸውን የሚልኩት ትምህርት ቤቱን አምነው ሳይሆን ሀምዲያን አምነው ነው። በሩ ሲመሽ ይዘጋል፣ ሰላት በሰዓቱ ይሰገዳል፣ ሳታጠና ያመሸች ልጅ ደግሞ የሀምዲያን ምላስ ትቀምሳለች።

ስንጥቁ በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከማዕዘኑ ክፍል መስኮት ሥር ጀምሮ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ይወርድ ነበር። ሻዕባን በሕይወት ሳለ ጭቃ ሞልቶበታል፤ ሀምዲያም ኖራ ቀብታዋለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ስንጥቅም መጀመሪያ የጌጥ መስመር ይመስላል። ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ፤ መስታወቱ ለሁለት ተሰበረ። ዋኘው ያየውን ጽፎ ለኃላፊው ሰጠ። ማዘጋጃ ቤቱም ሰው ልኮ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ኤክስ አሠመረበት። ክረምቱ ጠንክሮ ሳይገባ ቤቱ ከሥሩ ይጠገናል፣ ያለዚያም ይፈርሳል ተባለ። ቤቱ ከፈረሰ ሀምዲያ ወደ ሆሞሻ ትመለሳለች። ልጆቹም ይመለሳሉ፤ ከተመለሱ ደግሞ በዓመቱ የሚዳሩት ይበዛሉ። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ዋኘውም ያውቃል። ግን እሱ የጻፈው ያየውን ነው፤ ባየው ነገር አይጸጸትም።

ሀምዲያ ቢሮው ድረስ መጣች። ይቅርታ ጠየቅሽ፣ አለቀስሽ ቢሏት የምትሞት ሴት ናት። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን አስተካከለችና "መሐንዲስ፣ ከሥር ምን አለ?" አለችው። መሐንዲስ አለመሆኑን ስንት ጊዜ ነግሯታል።

"እኔ ላዩን ነው ያየሁት። ሥሩን አላየሁትም።"

"እና ላዩን አይቶ ነው ቀይ ቀለም የሚቀባው? ሐኪም እንኳ ልብስ ያስወልቃል።"

ዋኘው ፈገግ አለ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ በማግስቱ ከባምባሲ የመጣውን ግንበኛ ዲሳሳን ይዞ ሄደ። ማዕዘኑ አጠገብ ጠባብ ጉድጓድ አስቆፈሩ። ዲሳሳ ፌሮ ብረት ወደ ታች ሲሰድድ ብረቱ ጥቂት ከታገለ በኋላ በድንገት ስምጥ ብሎ ከእጁ ሊያመልጥ ደረሰ። ታች ባዶ ነው። አፈሩን ሲገልጡት ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው ሌላ ቀዳዳ። ምስጥ።

ነገሩ ተገለጠ። ሻዕባን ቦታውን ሲመራ መንገዱ ዳር አንድ ትልቅ ኩይሳ ነበረ። ኩይሳ እንዴት እንደሚጠነክር የአሶሳ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ዶማ ይመልሳል። ሻዕባንም ኩይሳውን አስደልድሎ፣ ከአፈሩ ጡቡን አስመትቶ፣ ከዚህ የጠነከረ ምድር የት ይገኛል ብሎ ማዕዘኑን እዚያው ላይ አቆመው። ላዩ እውነትም ድንጋይ ነው። ከሥሩ ግን ምስጦቹ ለራሳቸው የሠሩት ከተማ አለ፤ ዝናብ በገባበት ቁጥር የዚያ ከተማ ጣሪያ ትንሽ ትንሽ ይናዳል።

"ይድናል?" አለች ሀምዲያ።

"እናያለን" አለ ዋኘው። ቀጥሎ ግን መንገዱን ነገራት። በመንገዱ በኩል ካለው ግድግዳ ሥር ባዶው እስኪያልቅና ጤነኛው ቀይ አፈር እስኪገኝ ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ መሞላት አለበት። ይህም በአንድ ጊዜ አይሆንም። አንድ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ይሞላል፤ ሲደርቅ፣ የሚቀጥለው ተዘልሎ ሌላ አንድ ሜትር ይቆፈራል። የተዘለሉት ኋላ በተራቸው ይሠራሉ። ቤቱ እንደቆመ እግሩ ይቀየራል ማለት ነው።

ሲሚንቶውንና አሸዋውን ሀምዲያ አዘጋጀች። ለቁፋሮው ደግሞ ከሆሞሻ አጎቷ ሼህ ሱለይማን መጡ፤ ረጅም፣ ነገር የማያበዙ፣ አማርኛቸው ገና ያልተቃና ሽማግሌ። ዋኘው ግድግዳው ሥር ቆሞ ሥራውን አንድ በአንድ አስረዳቸው፤ ቢሮ ውስጥ እንደሚያስረዳው ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ።

"ሦስት ሰው ይበቃል" አለ በመጨረሻ።

"ሦስት ሰው?" አሉ ሼሁ።

"ሦስት። እንዲያውም ሲበዛ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

ሼህ ሱለይማን ግድግዳውን አዩት፣ ዋኘውን አዩት። "ጠይብ" አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። "ሰው እኛ ያመጣል።"

ዋኘው ተስማሙ ብሎ ሄደ። ተስማምተውም ነበር፤ የተስማሙት ግን ሰው እንደሚያመጡ ነው።

በዚያው ሳምንት ሆሞሻ ላይ የሚመረምረው ጤና ጣቢያ ነበረውና በመሥሪያ ቤቱ መኪና በጠዋት ወጣ። መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከፊት መጣ። ላዩ ላይ ሰው ተጠቅጥቆበታል፤ ዶማው፣ ዲጂኖው፣ አካፋው ወደ ሰማይ ቆሟል፤ ዘፈኑ ከሞተሩ በላይ ይሰማል። ዋኘው ሰርግ መሰለው። ዶማ ይዞ ሰርግ የሚሄድ የት አገር እንዳየ እግዜር ይወቅ፤ ብቻ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ አውለበለበላቸው። እነሱም በደስታ አጸፋውን መለሱ።

በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ተመልሶ በሀምዲያ ቤት በኩል ሲያልፍ መኪናውን አስቆመና ከወረደ በኋላ በሩን መዝጋት ረሳ።

ስልሳ ያህል ሰው ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ፍየል ይበላል። ከመንገዱ ዳር ያለው ግድግዳ ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቆፍሯል። ቁፋሮው የሚያስደንቅ ነበር፤ ጎኑ በቱንቢ የተለካ ይመስል ቀጥ ያለ፣ ወለሉ የተጠረገ፣ አፈሩ ርቆ የተከመረ። የድንጋዩ መሠረት ሆዱ እየታየ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። በአንዱ ጫፍ የቆመ ሰው በሌላው ጫፍ ያለውን በግድግዳው ሥር አሻግሮ ማየት ይችል ነበር። በማዕዘኑ ክፍል ውስጥ ደግሞ ተማሪዎቹ ሳህን እያጠቡ ይሳሳቃሉ።

ዲሳሳ ከጉድጓዱ ዳር ራሱን ይዞ ተቀምጧል። "ተናገርኩ" አለ ዋኘውን ሲያይ። "አንድ ሰው ስይዝ አሥሩ ይቆፍራል። 'አንተ እንግዳ ነህ፣ ቁጭ በልና ብላ' ብለው ሥጋ ሰጡኝ።"

"በላህ?"

"ምን ላድርግ?"

ዋኘው አልጮኸም። ወደ ሀምዲያ ሄዶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ልጆቹን አሁን ያስወጧቸው። አያስሩጧቸው" አላት። ፊቱን አይታ ከበሩ ጠራቻቸው። ልጆቹ እጃቸው አረፋ እንደያዘ አንድ በአንድ ወጡ። የመጨረሻዋ ልጅ ደብተሯን አልጋዋ ላይ ትታ ስለነበር ልመለስ ስትል ሀምዲያ ክንዷን ጨመደደቻት።

ከዚያ ዋኘው ኮቱን አውልቆ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ሰው አላዘዘም፤ አንድ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ከተንጠለጠለው ግድግዳ ሥር አስቀመጠው። ፈርቷል፤ መፍራቱንም ሥጋ እየበላ የነበረው ሰው ሁሉ አየ። መጀመሪያ የገባው ሼህ ሱለይማን ናቸው፤ ሳይታዘዙ፣ በነጭ ጀለቢያቸው። ከዚያ ሌላው ተከተለ። ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ጀመር። አንዳንዱ ሽመልና ባሕር ዛፍ እየቆረጠ ግድግዳውን በዘንግ ደገፈ። ዋኘው በየመሃሉ እየዘለለ አንዱን በድንጋይ ሲሞላ፣ ሌላው አፈር እየመለሰ ይጠቀጥቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሃምሳ ሎሚ በአንድ ጊዜ ሲወረወርስ የሚለው ተረት ስላልነበረ ያን ቀን እነሱ ጀመሩት።

ማዕዘኑ ጋ ሲቀርቡ ከላይ አሸዋ መሰል ነገር ሽው ብሎ ወረደ። ዋኘው "ውጡ" አለ። ሁሉም ወጡ። የማዕዘኑ ክፍል ጥቂት እንደማሰብ አለና፣ መስኮቱን እንደያዘ፣ ተቀመጠ። ድምፁ ከተጠበቀው ያነሰ ነበር። አቧራው ሲገለል የተረፈው አራት ክፍልና አንድ ክፍት ጎን ነው። ያች ልጅ ልትመለስበት የነበረው አልጋ ከጡብ ክምር ሥር እግሩ ብቻ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ማንም አልበላም። ሌላው ግድግዳ እስኪደገፍ ድረስ ሠሩ። ሲጨርሱ ሼህ ሱለይማን ከዋኘው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ጀለቢያቸው ነጭ መሆኑ ቀርቷል።

"ዋኘው" አሉ በስሙ። "ሦስት ሰው አልክ። እኔ ሰማ። ግን ነፊር ነው። ሀምዲያ ፍየል አረደ፣ ስልሳ ሰው መጣ። ሦስት ሰው ቆፍሮ ሌላው ምን ይሠራል? ቁጭ ብሎ ሥጋ ይበላል? ዐይብ ነው። የሰው ሥራ ግማሽ ትቶ መሄድ፣ እሱም ዐይብ ነው።"

ነፊር የእነሱ ደቦ ነው፤ ዐይብ ደግሞ ነውር። ባለቤቱ አንድ ቀን ያርዳል፣ ሰው ሁሉ ይወጣል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሥራው ያልቃል። እየሠራ ካለ ሰው አጠገብ የሚቀመጥ የለም። ዋኘው ይህን በደንብ ያውቅ ነበር፤ የወንበራ ደቦም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ግን ሲያስረዳ አላሰበውም። ያሰበው ስለ መሠረቱ እንጂ መሠረቱን ስለሚቆፍሩት ሰዎች አልነበረም።

"ሼህ" አለ፣ "ሰው የተኛበት አልጋ አራቱም እግሩ በስብሷል እንበል። ሰውየውን ሳይቀሰቅሱ እግሩን መቀየር ቢፈልጉ፣ አራቱን ባንድ ጊዜ ይነቅላሉ?"

"እኔ አንድ ይነቅላል" አሉ ሼሁ። "ሌላ ይተካል። ከዚያ ሌላ።" ከዚያ ወደ ዋኘው ዞሩ። "ይሄ አልጋ መጀመሪያ ለምን አልነገርክም?"

ዋኘው አፈረ። በሥራው ያፈረበትን ጊዜ ቢያስብ ሌላ አላስታወሰም።

ሰዎቹ በጭነት መኪናው ላይ ወጥተው ያለ ዘፈን ሄዱ። ሀምዲያ ያን ዕለት ከልጆቹ ጋር በተረፉት ክፍሎች ተጠጋግታ አደረች። ማዘጋጃ ቤቱ ይህን ካየ ቀይ ቀለም አያባክንም፤ ዶማ ይልካል። ዋኘው ለኃላፊው ጥገና ላይ እንደሆነ ነገረው። የሚጠግነው ግን ማን እንደሆነ አልነገረውም፤ አያውቅምና።

ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪናው ተመለሰ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ አንድም አልቀረም። ፍየል አልታረደም፣ ሀምዲያም ላሳርድ ልትል ብትሞክር ሼሁ በእጃቸው ከለከሏት። ሦስት ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ወደ ግድግዳው ሄደ። የቀረው ሁሉ ከማንጎው ሥር ተደርድሮ ተቀመጠ። ዝም ብሎ። የተጀመረ ነፊር ሥራው ሳያልቅ አይበተንም፤ ሥራው ደግሞ አንድ ሜትር አንድ ሜትር ከሆነ፣ ነፊሩም እንደዚያው ይሆናል። ተቀምጦ ሥራ ማየት ለእነዚያ ሰዎች ከመቆፈር የከበደ ቅጣት እንደነበር ፊታቸው ይናገራል። አንዳንዱ እጁን የት እንደሚያደርገው ቸግሮት ሣር ይነጫል።

በመንገዱ የሚያልፈው የከተማ ሰው ስልሳ ወንድ አንገቱን ደፍቶ ሲያይ ለቅሶ መሰለው። "ማን ሞተ?" እያለ ጠጋ የሚል፣ እጁን ዘርግቶ ፋቲሓ የሚቀራ መጣ። አንዷ የሠፈር ሴት ሳታጣራ እያለቀሰች ገብታ ሀምዲያን አቀፈች። ሀምዲያ "ግድግዳ ነው የታመመው፣ እህቴ" ብላ ስታባብላት ከማንጎው ሥር ሳቅ አመለጠ፤ ከዚያን ቀን ወዲያ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር።

እንዲህ እያሉ ሰኔን ጨረሱ። ዝናብ ሲጥል ሸራ ዘርግተው ይሠራሉ፤ መኪናው ጭቃ ሲይዘው በእግር ይመጣሉ። ዲሳሳ ይገነባል፣ ዋኘው ይለካል፣ ሼህ ሱለይማን ተረኛውን ይመርጣሉ። ዋኘው ከሥራው ሲያርፍ መጀመሪያ ለብቻው ይቆም ነበር፤ ኋላ ከማንጎው ሥር ቦታ ተለቀቀለት። በመጨረሻ የወደቀውን ማዕዘን፣ ከኩይሳው አፈር አውጥተው፣ ከታች ከጤነኛው ቀይ አፈር ላይ አነሡት። ዋኘውም በአሮጌው ስንጥቅ ላይ አዲስ መስታወት ለጠፈ።

"ይቆማል?" አለች ሀምዲያ።

"ክረምቱን እናያለን።"

ክረምቱ የአሶሳ ክረምት ነበር፤ ሰማይ ተቀዶ የሚወርድ። ዋኘው ከሥራ ሲወጣ በዚያ በኩል ያልፋል። ልጆቹ ገና ከሩቅ ሲያዩት "አልተሰበረም!" ይሉታል፣ እሱ ግን ቀርቦ በጣቱ ነክቶ ካላየ አያምንም። መስከረም ጠባ፣ ፀሐይ ወጣ፣ መስታወቱ እንዳለ ነው። ሀምዲያ ሰው ሳታስፈቅድ ቀዩን ኤክስ በኖራ ቀባችው። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው መጥቶ አየ፣ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ ሄደ።

በዚያ ሰሞን መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ የቤት መሥሪያ ቦታ ይመራ ነበር። ዋኘው ከዚህ በፊት ዕጣው ሲደርሰው ለሌላ ሰው ትቷል። ዘንድሮ ሄዶ ቦታውን አየ። በፌሮ ብረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጋጋው፤ ኩይሳ የለበትም። ከወንበራ የመጣ መንገደኛ የየዝናሽን የተለመደ ጥያቄ ሲያደርስለትም እናያለን አላለም። "ነይ በላት" አለው። መንገደኛው የሰማውን ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ አስደገመው።

ለሰው አልነገረም። ለዲሳሳ ብቻ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት የቀን ሠራተኛ ይዞ እንዲመጣ ነገረው። ዲሳሳ ደግሞ የሆነ ቀን በሀምዲያ ቤት በኩል ሲያልፍ ሻይ ጠጥቷል፤ ያን ያህል ነው ጥፋቱ።

ቅዳሜ ማለዳ ዋኘው ካስማና ሲባጎ ይዞ ቦታው ሲደርስ የጭነት መኪናው ቆሟል። ስልሳ ሰው ከአዲሱ ቦታ ዳር ዶማውን ተደግፎ፣ አንድም ሳይቀመጥ፣ ይጠብቀዋል። ሀምዲያ ከልጆቹ ጋር ድስት እያወረደች ነው። አንድ ፍየል ከመኪናው ጎማ ጋር ታስሯል። ፍየሉን የገዛችው እሷ እንደሆነች ማንም ሊነግረው አላስፈለገም። ዋኘው ካስማውን መትከል ጀመረ። ሲባጎው ተወጠረ። ከአሥር ሰው በላይ ሲባጎ ሊይዝለት ሞከረ።

ሼህ ሱለይማን ቀረቡ። ነጩ ጀለቢያ ታጥቦ ተመልሷል።

"መሐንዲስ" አሉ፣ ድምፃቸውን ቁም ነገር አስመስለው። "ዛሬ እንዴት ነው? አንድ አንድ ሜትር ነው፣ ወይስ በአንድ ጊዜ?"

ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። ዋኘው በሲባጎው የታጠረውን ባዶ መሬት አየው። ማዕዘን የለው፣ ስንጥቅ የለው፣ ከላዩ ምንም አልተኛበትም።

"አዲስ መሠረት ነው፣ ሼህ" አለ። "በአንዴ ቆፍሩት።"

ከዚያም ኮቱን አውልቆ ካስማው ላይ ሰቀለና ከአጠገቡ ካለው ሰው ዶማ ተቀበለ።